እርሳስ ይዞ ማንበብ፦ ከህዳግ ማስታወሻ እስከ ቢጋር

የአክስቴ ልጅ ባለፈው ዓመት ዩኒቨርሲቲ ገባች። ሚድ፣ የሴሚስተሩ አጋማሽ ፈተና፣ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሞጁሏን ታቅፋ ቤት መጣች። ገልጬ ሳየው ገጹ ሁሉ ቢጫ ነው። በመስከረም ከከተማ ወጣ ሲሉ የሚታይ የአደይ አበባ መስክ ይመስላል። አንዳንድ ቦታ ላይማ ቢጫው አልበቃ ብሎ ሮዝ ተደርቦበታል።

«ጋሼ፣ ሦስቴ አንብቤዋለሁ» አለችኝ። «ግን ስዘጋው ምንም የለም።»

አንዱን ቢጫ አንቀጽ አነበብኩላት። ሞጁሉን ዘጋሁና «ምን አለ?» አልኳት።

«ስለ አፈር መሸርሸር ነው።»

ስለ አፈር መሸርሸር መሆኑንማ ርዕሱም ይናገራል። ስለሱ ምን አለ ነው ጥያቄው። ዝም አለች።

አልፈረድኩባትም። እኔም በተማሪነቴ ሃይላይተር ጨርሼ ሌላ የምገዛ ቸካይ ነበርኩ። አንድ ኮርስ ላይ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አስምሬ ገብቼ፣ ፈተናው «አወዳድር» ሲለኝ ወረቀቱ ላይ አፍጥጬ ወጥቻለሁ። የተሰመረውን ሁሉ አውቀው ነበር። ምኑ ከምኑ ጋር እንደሚወዳደር ግን አንድም ቀን አስቤው አላውቅም።

ያን ቀን ከሰዓት ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ ፍቅር ሐይቅ ወርደን፣ ዛፍ ሥር ተቀምጠን አንድ ምዕራፍ አብረን አነበብን። እዚህ የምጽፈው ያኔ ያሳየኋትን ነው። ለዩኒቨርሲቲ ተማሪም፣ ለ12ኛ ክፍል ተፈታኝም፣ መሥሪያ ቤት ረጅም ሰነድ ለሚሰጠውም ይሆናል።

መጀመሪያ ማስመር ለምን እንደማይበቃ ባጭሩ ልበል። ስናሰምር እጃችን ይሠራል፣ ጭንቅላታችን ያርፋል። መስመሩ «ይሄ ጠቃሚ ነው» ይላል እንጂ ለምን ጠቃሚ እንደሆነ አይናገርም። ከሳምንት በኋላ ቢጫውን እንደገና ስናየው ዓይናችን ስለለመደው ያወቅነው ይመስለናል። የሰፈራችሁን ሱቅ በየቀኑ ታያላችሁ አይደል? በሩ ምን ቀለም እንደተቀባ አሁን ንገሩኝ ብላችሁ ግን ብዙዎቻችሁ ትንተባተባላችሁ።

እ.ኤ.አ. በ2013 ጆን ደንሎስኪ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረቦቹ፣ ተማሪዎች የሚያዘወትሯቸውን 10 የጥናት ዘዴዎች ገምግመው ደረጃ ሰጥተው ነበር። ማስመርና ደጋግሞ ማንበብ ዝቅተኛ ጥቅም ካላቸው ጋር ተመደቡ። ራስን መፈተንና ጥናትን በቀናት ከፋፍሎ መሥራት ከፍተኛውን ደረጃ አገኙ። የሚገርመው፣ ማጠቃለልም ዝቅተኛ ነው የተባለው። ምክንያታቸው ግን ያሳምናል። ማጠቃለል የሚጠቅመው አሠራሩን ለሚችል ሰው ነው፤ ብዙ ተማሪ ደግሞ ሳይለማመድ ነው የሚገባበት። ስለዚህ «ማስታወሻ ያዙ» ብሎ መምከር ዋጋ የለውም። እንዴት እንደሚያዝ ነው መታየት ያለበት።

1. ወረቀቱን አዘጋጁ

ይሄን ሰው ሁሉ ይዘለዋል። ህዳግ የሌለው ወረቀት ላይ ግን ማስታወሻ አይጻፍም። ነገሩ ይሄን ያህል ቀላል ነው።

ግቢ በር ላይ ካሉት ኮፒ ቤቶች ሃንድአውት ስታወጡ ብር ለመቆጠብ ሁለት ገጽ በአንድ ወረቀት፣ ፊትና ጀርባ ይታተምላችኋል። ፊደሉ ጉንዳን ያክላል፣ ዳርና ዳሩ ጥፍር አያስቀምጥም። ለሁሉም ኮርስ ባይሆን እንኳ ለከባዱ እንዲህ በሏቸው፦ «አንድ ገጽ በአንድ ወረቀት፣ በፊት በኩል ብቻ፣ ትንሽ አሳንሰህ ወደ ግራ አስጠጋልኝ።» በቀኝ በኩል ሁለት ሦስት ጣት የሚያክል ህዳግ ይተርፋችኋል። ጀርባውም ባዶ ይሆናል። ጀርባው ኋላ ለቢጋር ይፈለጋል። ጥቂት ብር ይጨምራል፤ ከዚያ ውስጥ ግማሹ የሃይላይተር ዋጋ ነው ብላችሁ አስቡት።

መጽሐፉ የላይብረሪ ወይም የሰው ከሆነ አትጻፉበት። በእርሳስም ቢሆን አይሆንም ባይ ነኝ። ላጲስ የሚያጠፋው ቀለሙን እንጂ ጭረቱን አይደለም። ይልቅ ኤ4 ወረቀት በቁመቱ ለሦስት ቁረጡና አንዱን ቁራጭ ከገጹ ጎን አስገቡ። አናቱ ላይ የገጹን ቁጥር ጻፉ። ማስታወሻውን ከሚመለከተው አንቀጽ ትይዩ አድርጋችሁ ቁራጩ ላይ አስፍሩ። መጽሐፉ ሲመለስ ህዳጉ እናንተ ጋ ይቀራል። እኔ እንደውም ከጊዜ ብዛት ይሄኛው በልጦብኛል።

ከዚያ አንድ እርሳስ፣ አንድ ላጲስ፣ በቃ። ሃይላይተሩ ቦርሳ ውስጥ ይቆይ። አትጣሉት፤ መጨረሻ ላይ ሥራ አለው።

ሐይቅ ዳር የምታነቡ ደግሞ ወረቀቱን በክሊፕ ያዙት። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ምዕራፍ ሦስት ጀልባ ላይ ሊወጣ ይችላል። አሞራ ገደል በኩል ከሆናችሁማ ጦጣዎቹ አሉ። ለጥናታችሁ ደንታ የላቸውም፤ ሞጁሉ ላይ ያስቀመጣችሁትን ሙዝ ሲያነሱ ግን ሞጁሉን አይምሩትም።

2. ከማንበባችሁ በፊት ቃኙ

አምስት ደቂቃ ነው። ርዕሱን፣ ንዑስ ርዕሶቹን፣ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን አንቀጽ፣ ሠንጠረዥ ካለ እሱን ተመልከቱ። ከዚያ እያንዳንዱን ንዑስ ርዕስ ወደ ጥያቄ ቀይሩና ጎኑ ላይ ጻፉ። «የአፈር መሸርሸር መንስኤዎች» የሚለውን «አፈር ለምን ይሸረሸራል?» ማለት ይቻላል። «ከመንስኤዎቹ የትኛው ይብሳል?» ብትሉ ግን ይሻላል፤ ስታነቡ እንድታመዛዝኑ ያስገድዳችኋል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ፍራንሲስ ሮቢንሰን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1946 ባሳተመው መጽሐፍ ለተማሪዎች አምስት እርምጃ አስቀምጦ ነበር፦ ቃኝ፣ ጠይቅ፣ አንብብ፣ በቃልህ በለው፣ ከልሰው። ዛሬም በብዙ አገር ተማሪዎች የሚማሩት እሱን ነው። ከአምስቱ ብዙ ሰው የሚዘለው አራተኛውን ነው። እሱ ጋ እንመለሳለን።

3. አራት ነጥቡን ጠብቁ

አማርኛ ስናነብ አንድ ወጥመድ አለብን። ግሡ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ይሄን ዓረፍተ ነገር እዩት፦

«ደጋግሞ ማንበብ ለፈተና ከሁሉ የተሻለ ዝግጅት ነው የሚለው እምነት በጥናት አልተደገፈም።»

እርሳሱን ይዞ የሚሮጥ ሰው «ደጋግሞ ማንበብ ለፈተና ከሁሉ የተሻለ ዝግጅት ነው» የሚለውን አስምሮ ያልፋል። ከሳምንት በኋላ ሲመለስ የሚያነበው የተሰመረውን ብቻ ነው። የጸሐፊውን ሐሳብ ገልብጦ ይዞታል ማለት ነው። ፈተና ላይም በልበ ሙሉነት ይሳሳታል። «ቢባልም»፣ «ባይሆንም»፣ «ማለት አይቻልም»፣ እነዚህ ሁሉ ጭራ ላይ ቆመው ነው ነገሩን የሚያዞሩት።

ስለዚህ አንቀጹን አንዴ በባዶ እጅ እስከ መጨረሻው አንብቡት። እርሳሱ ጠረጴዛ ላይ ይሁን። ሲያልቅ አንሱትና ተመለሱ።

መጀመሪያ የምትፈልጉት ዋናውን ሐሳብ አይደለም። ጸሐፊው ማርሽ የሚቀይርባቸውን ቃላት ፈልጉና ክበቧቸው፦ ግን፣ ይሁን እንጂ፣ በአንጻሩ፣ ምክንያቱም፣ ስለሆነም፣ ለምሳሌ። ዳገት ላይ ያለ ባጃጅ ማርሽ ሲቀይር ሳታዩት በድምፁ ታውቁታላችሁ። ጽሑፍም እንደዚያው ነው። እነዚህ ቃላት ያሉበት ቦታ መንገዱ የሚታጠፍበት ነው፤ ዋናው ሐሳብም አብዛኛውን ጊዜ እዚያው አጠገብ ነው።

ከዚያ አስምሩ። በአንድ አንቀጽ ከአንድ መስመር አይበልጥም፤ እሱም ሐረግ ቢሆን ይመረጣል። «ሁሉም አስፈላጊ ነው» ካላችሁ አንቀጹ ገና አልገባችሁም።

4. ህዳጉ ላይ ጻፉ

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። ቀሪው ሁሉ ለዚህ ዝግጅት ነው ብትሉ አልከራከርም።

ህዳግ ላይ ሦስት ዓይነት ነገር ይጻፋል። አንዱ የአንቀጹ ሐሳብ በራሳችሁ ቃል፣ ከስምንት ወይም ከዘጠኝ ቃል ሳይበልጥ። ሌላው የአንቀጹ ሥራ ነው፤ ጸሐፊው እዚህ ምን እያደረገ ነው? እየተረጎመ፣ ምሳሌ እየሰጠ፣ ማስረጃ እያቀረበ፣ ሌላ ሰው እየተቃወመ? ለዚህ አንድ ፊደል ይበቃል። እኔ «ፍ» ለፍቺ፣ «ም» ለምሳሌ፣ «ማ» ለማስረጃ፣ «ተ» ለተቃውሞ እጠቀማለሁ። እናንተ የፈለጋችሁትን አድርጉ፤ ብቻ ከአምስት አይብዛ፣ በየመጽሐፉም አትቀያይሩት። ሦስተኛው ጥያቄ ነው።

በነገራችን ላይ ይሄ የፈረንጅ ብልሃት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ድጓን፣ የቤተ ክርስቲያኑን የዜማ መጽሐፍ፣ ገልጣችሁ ካያችሁ ከመስመሩ በላይ ደቃቅ ፊደላት ተደርድረው ታገኛላችሁ። የዜማ ምልክቶች ናቸው። ሁለትና ሦስት ፊደል ብቻ ናት፣ ሊቁ ግን አይቷት ሙሉውን ዜማ ያወጣዋል። በአንድምታ ትርጓሜ ደግሞ መምህሩ አንዱን ንባብ ይዞ ይተረጉምና «አንድም» ብሎ ሌላ ፍቺ ይጨምራል፤ አሁንም «አንድም» ይላል። አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ እንደዚያ የሚቆም ሰው ሃይላይተር ምን ያደርግለታል?

ወደ ሥራችን። ያን ቀን ለአክስቴ ልጅ አንዲት አጭር አንቀጽ ራሴ ጻፍኩላት። ፊት ለፊታችን ስላለው ሐይቅ ነው።

«ሐዋሳ ሐይቅ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ጥንት በእሳተ ገሞራ በተፈጠረ ጎድጓዳ ሥፍራ ላይ የተኛ ሐይቅ ነው። ዋናው ገባሩ ጥቁር ውሃ ወንዝ ነው። ከሐይቁ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። መውጫ የሌላቸው ሐይቆች ውሃቸው ሲተን ጨው እየቀረ ስለሚጠራቀም ብዙውን ጊዜ ጨዋማ ይሆናሉ፤ ለምሳሌ አቢጃታና ሻላ። የሐዋሳ ሐይቅ ውሃ ግን ጨዋማ አይደለም። ተመራማሪዎች ይህን የሚያስረዱት የሐይቁ ውሃ ከምድር በታች እየሰረገ ጨውንም ይዞ ይወጣል በማለት ነው።»

መጀመሪያ ሃይላይተር ብሰጣት ምን እንደምታደርግ ጠየቅኳት። ስሞቹን በሙሉ ቀባች፦ ስምጥ ሸለቆ፣ ጥቁር ውሃ፣ አቢጃታ፣ ሻላ። ሁላችንም እንደዚያ ነን። ስም ዓይን ይስባል። የአንቀጹ ነገር ግን ስሞቹ ላይ የለም።

ቀጥለን በእርሳስ ሠራነው። ሁለቱን «ግን» ከበብን። የመጀመሪያው «ግን» ይገባል አይወጣም ይላል። ሁለተኛው ደግሞ ጨዋማ መሆን ነበረበት አልሆነም ይላል። አንቀጹ የቆመው በሁለቱ መካከል ነው። ያሰመርነው አንድ ሐረግ ብቻ ነው፦ «ጨዋማ አይደለም»። «ለምሳሌ አቢጃታና ሻላ» ጎን «ም» ጻፍን። «ጨው እየቀረ ስለሚጠራቀም» ጎን «ምክ» ብለን ምክንያት መሆኑን አስታወስን።

ህዳጉ ላይ በራሷ እጅ ይሄን ጻፈች፦ «በላይ አይወጣም፤ ታዲያ ጨዉ የት ሄደ? በሥር!» ሰባት ቃል። ይቺን ያየ ሰው አንቀጹን መልሶ ማንበብ አያስፈልገውም።

አንድ ነገር ግን አምልጧት ነበር። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር «የሚያስረዱት… በማለት ነው» ይላል። ውሃው ጨዋማ አለመሆኑ ቀምሰው የሚያረጋግጡት ነገር ነው። በሥር መስረጉ ግን ማብራሪያ ነው። ሁለቱ እኩል አይደሉም። ስለዚህ ጎኑ ላይ «ማብራሪያ» ብለን ጻፍን። ጸሐፊው «ይታሰባል»፣ «ይገመታል»፣ «ይላሉ» ያለበትን ቦታ ሁሉ እንዲህ ለይታችሁ ያዙ። የፈተና አውጪዎች መንደር እዚያ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ በተለይ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች። ሞጁላችሁ በእንግሊዝኛ ነው። ህዳጉን በእንግሊዝኛ ስትጽፉ ሳታውቁት የመጽሐፉን ዓረፍተ ነገር ትገለብጣላችሁ። በአማርኛ ጻፉት። ሲዳምኛ አፍ የፈታችሁም በሲዳምኛ፣ ወላይትኛውም በወላይትኛ። የሙያ ቃሉን እንዳለ ተዉትና ቀሪውን በቤታችሁ ቋንቋ ሙሉት። ለእናታችሁ በምታስረዱበት አፍ መጻፍ ካልቻላችሁ አልገባችሁም ማለት ነው። ይሄን ያህል ጨካኝ መፈተኛ ሌላ አላውቅም።

5. የራሳችሁን ከጸሐፊው ለዩ

ስታነቡ የራሳችሁ ሐሳብ ይመጣል። ይምጣ፣ ጥሩ ነው። ከጸሐፊው ጋር ከተቀላቀለ ግን ከወር በኋላ ማን ምን እንዳለ አታውቁም። እኔ የራሴን ሳጥን ውስጥ እከታለሁ።

የአክስቴ ልጅ እሳተ ገሞራ የምትለውን ዓረፍተ ነገር «ይቺ ትርፍ ናት» ብላ አለፈቻት። ትንሽ ቆይታ ተመለሰችና ሳጥን ሠርታ «ዐለቱ ስንጥቅ ስላለው ይሆን የሚሰርገው?» ብላ ጻፈች። አንቀጹ ይሄን አላለም። እሷ ናት ያያያዘችው። ሳጥን ውስጥ ስለሆነ ክፍል ገብታ መምህሯን ለመጠየቅ ይሆናታል፤ ፈተና ላይ የመጽሐፉ ሐሳብ አድርጋ አትጽፈውም።

6. ዝጉና ቢጋር አውጡ

አማርኛ ክፍል ድርሰት ከመጻፋችን በፊት የምናወጣው ቢጋር አለ አይደል? አሁን የምንሠራው ግልባጩን ነው። ሌላው ጽፎ ከጨረሰው ነገር ቢጋሩን መልሶ ማውጣት። ልብስ ሰፊ የተሰፋ ጃኬት ፈትቶ ቅዱን እንደሚያየው ማለት ነው።

አንድ ክፍል፣ ምናልባት አራት አምስት ገጽ፣ አንብባችሁ ህዳጉን ስትጨርሱ ጽሑፉን ዝጉት። ወረቀቱን ገልብጡና ባዶው ጀርባ ላይ ከጭንቅላታችሁ ጻፉ። እያዩ መጻፍ ግልበጣ ነው፤ እጅ ይደክማል እንጂ የሚቀር ነገር የለም። የሮቢንሰን አራተኛ እርምጃ፣ ያ ሰው ሁሉ የሚዘለው፣ ይሄ ነው።

የመጀመሪያ ሙከራዋ ይሄን ይመስል ነበር፦

1. የሐይቁ ቦታ
2. ገባር ወንዝ
3. ጨው
4. ተመራማሪዎች

ይሄ የገበያ ዝርዝር ነው። ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ዘይት። ምን እንደሚሠራበት አይናገርም። ችግሩ ስም ብቻ መሆኑ ነው። እያንዳንዱ መስመር ግሥ ይኑረው። ግሥ ሲገባ አንድ ነገር ለማለት ትገደዳላችሁ። ሁለተኛው እንዲህ ወጣ፦

ዋና ሐሳብ፦ ሐዋሳ ሐይቅ በላይ መውጫ ባይኖረውም ጨዋማ አልሆነም።
ሀ. በላይ ይገባል እንጂ አይወጣም። (የሚገባው፦ ጥቁር ውሃ)
ለ. እንዲህ ያሉ ሐይቆች ብዙ ጊዜ ጨዋማ ይሆናሉ።
  – ውሃው ይተናል፣ ጨው ይቀራል
  – ምሳሌ፦ አቢጃታ፣ ሻላ
ሐ. ሐዋሳ እንዲያ አልሆነም።
መ. ውሃው በሥር ይሰርጋል፣ ጨውንም ይወስዳል። (ማብራሪያ)

ምሳሌው ከ«ለ» ሥር ገብቶ መውረዱን ልብ በሉ። አቢጃታና ሻላ ራሳቸውን ችለው ነጥብ አይሆኑም፤ የሚያገለግሉት «ለ»ን ነው። ቢጋር ማለት ማን የማን ረዳት እንደሆነ ማሳየት ነው።

አሁን ቢጋሩን ፈትኑት። በየሁለቱ ነጥቦች መካከል የትኛው ማያያዣ ቃል እንደሚገባ ጠይቁ። ከ«ለ» ወደ «ሐ» ስንሄድ «ግን»። ከ«ሐ» ወደ «መ» «ምክንያቱም»። ከ«ሀ» ወደ «ለ»ስ? እዚህ ተቸገረች። «እና» አለች። «እና» የሰነፍ ማያያዣ ነው፤ ምንም ከምንም ያያይዛል። ትንሽ አሰበችና «እንዲህ ከሆነ ደግሞ» ብላ አገናኘችው። ልክ ናት። በየመካከሉ «እና» ብቻ የሚገባ ከሆነ በእጃችሁ ያለው ዝርዝር ነው፤ ተመልሳችሁ ክበቦቹን እዩ።

ረጅም ምዕራፍ ከሆነ በአንድ ገጽ ጀርባ ላይ ይብቃ። ከዚያ ከበለጠ መምረጥ አቁማችኋል ማለት ነው።

7. ክፈቱና አርሙ፤ ሃይላይተሩም ይውጣ

አሁን ጽሑፉን ክፈቱና ከቢጋራችሁ ጋር አስተያዩ። የረሳችሁትን ወይም ያጣመማችሁትን በሌላ ቀለም እስክሪብቶ ቢጋሩ ላይ ጨምሩ። ከዚያ ሃይላይተሩን አውጡና ጽሑፉ ላይ ያመለጣችሁን ቦታ ብቻ ቀቡ። ቢጫ ከእንግዲህ «ጠቃሚ» ማለት አይደለም፤ «ይቺ አምልጣኛለች» ማለት ነው። በአሥር ገጽ ላይ አራት ወይም አምስት ቦታ ቢሆን ነው። ፈተና ሲደርስ ዓይናችሁ የሚሄደው ወደ ድካማችሁ ይሆናል።

8. መልሳችሁ ራሳችሁን ፈትኑ

በማግስቱ አሥር ደቂቃ፣ ከሳምንት በኋላ ደግሞ አሥር ደቂቃ። ጽሑፉን በወረቀት ሸፍኑ፣ ህዳጉ ላይ የጻፋችኋቸውን ጥያቄዎች ብቻ አንብቡና ድምፅ አውጥታችሁ መልሱ። ዶርም ውስጥ ከሆናችሁ ጓደኛችሁ «አበደ» ብሎ እንዳይሰጋ አስቀድማችሁ ንገሩት።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ ተማሪዎችን አንድ ጽሑፍ አስነበቡ። ገሚሱ እንደገና አነበበው። ገሚሱ ሳያይ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ፦ 81 በመቶ ለ75። ከሳምንት በኋላ ግን ተገለበጠ። ሳያዩ የጻፉት 56 በመቶ ሲያስታውሱ ደግመው ያነበቡት 42 በመቶ ላይ ቀሩ። ፈተና በር ላይ ቆሞ ሞጁል ማገላበጥ የሚጠቅም የሚመስለን ለምን እንደሆነ ከዚህ ይገባችኋል። ለአምስት ደቂቃ እውነትም ይጠቅማል።

ስለ ስልክና ስለ ጊዜ

ሶፍት ኮፒው በቴሌግራም የተላከላችሁ ከሆነና ማሳተም ካልቻላችሁ፣ ስልኩ ላይ ከማስመር ደብተር መሃል ለመሃል አስምሩ። በግራ የገጽ ቁጥርና ጥያቄ፣ በቀኝ መልስ በራሳችሁ ቃል። መብራት ቢጠፋም ባትሪ ቢያልቅም ደብተሩ አለ።

ጊዜ ይፈጃል። አልዋሻችሁም። መጀመሪያ ላይ አሥር ገጽ አንድ ሰዓት ተኩል ወስዶብናል፤ እሷ ቀድሞ በሠላሳ ደቂቃ ነበር የምታገላብጠው። ስትለምዱት ይፈጥናል፣ ግን መቼም እንደ ማገላበጥ አይፈጥንም። ለሁሉም ነገር አታድርጉት። ዜና፣ ልብ ወለድ፣ ለመዝናናት የምታነቡትን ዝም ብላችሁ አንብቡ። ከአንድ ምዕራፍ ውስጥ እንኳ መግቢያውን በቅኝት አልፋችሁ ለከባዱ ክፍል ብቻ እርሳሱን ማንሳት ትችላላችሁ። መርጦ መሥራት ነውር የለበትም።

ሚዱ አለፈ። ውጤቷን አልጠየቅኳትም፣ እሷም አልነገረችኝም። ከወር በኋላ ግን ደውላ አንድ ነገር ነገረችኝ። የዶርሟ ልጆች ሞጁሏን አይተው፣ «ይሄ ጽሑፍ የሞላበት ጥሩ ነው፣ ኮፒ እናድርገው» አሏት። አብረው ኮፒ ቤት ሄዱ። ልጁም ተቀብሎ ገለጠና «የተጻፈበትን ነው ወይስ ንጹሑን?» ሲል ጠየቀ።

«ንጹሑን ነው የሰጠሁት፣ ጋሼ» አለችኝ። «ወደ ግራ አስጠግተህ አልኩት።»